የአሰገደች ሃምበርገር

ጥር 13 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር እኔ መምህር ሠረቀ የገዛሁት የአምስተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ዝግጅቴን ልጽፍበት ነበር። የኬንያ ድንበር ለጊዜው ይቆየኝና የራሴን ቤት ጉዳይ ልጻፍበት።

አሰገደች እህል አልዋጥ ብሏታል። ነፍሰ ጡር ሴት መጀመሪያ ላይ እንዲህ ትሆናለች ይላሉ፤ እሷ ግን መጀመሪያውን አልፋ አራተኛ ወሯን ጨርሳለች። ወጥ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። እኔ እንዳላዝን ሁለት ጉርሻ ትጎርስና ሦስተኛውን በእጇ ይዛ ወሬ ትጀምራለች። ሰፈርተኛው ሁሉ «ምን አማረሽ?» እያለ ያስጨንቃታል። ከሁሉ የባስኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋትም ማታም እጠይቃታለሁ። አምሮቷ ያልተፈጸመላት ሴት፣ ልጇ ምልክት ይዞ ይወለዳል ይባላል። የአጎቴ ልጅ ግንባሩ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አለበት፤ እናቱን ጉበት አምሯት ከልክለዋት ነው አሉ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ብጠይቅ ግን ምን ይጎዳል?

ዛሬ የጎረቤታችን የጴጥሮስ ሚስት ሙሉካ እኛ ቤት ቁጭ ብላ ሳለ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩ። አሰገደች ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና «ሃምበርገር» አለች።

አዲስ አበባ ለእህቷ ሠርግ የሄድን ጊዜ ፒያሳ አንድ ቤት የበላነው ነው። ሙሉካ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሥጋው ተፈጭቶና ተድቦልቡሎ ይጠበስና ዳቦ መሀል ይገባል አልኳት። ዲላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንኳን የሚሸጥ ስሙን የሚያውቅም የለም። ይህን ስናገር አሰገደች ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ካየሁ ሰንብቼ ነበርና ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። የለም ከተባለ እሠራዋለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ድካም ይሆናል።

ጥር 15፣ ሰኞ

ሃምበርገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ትምህርት ቤታችን ያለው አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ሚስተር ዳን ነው ብዬ በዕረፍት ሰዓት ያዝኩት። ዕድሜ ልኩን በልቶታል። ሠርቶት ግን አያውቅም፤ የሚሠሩት እናቱ ናቸው። የእኛም አገር ወንድ እንደዚሁ ነው አልኩት፤ ተሳሳቅን። ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ እሳት፣ አለቀ አለኝ። ይህማ ክትፎ ነው አልኩት፤ አይደለም አለ፤ ልዩነቱን ግን ማስረዳት አቃተው። ለማንኛውም ከባድ የብረት መጥበሻውን አዋሰኝ። ብብቴ ሥር ይዤው ከተማውን ሳቋርጥ ያላየኝ ሰው የለም።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሃምበርገር።

ሥጋ ሻጩ ከፈለኝ የጉራጌ ልጅ ነው፤ በሚከተፍ ሥጋ ቀልድ አያውቅም። ለነፍሰ ጡር መሆኑን ስነግረው ቀዩን መርጦ፣ ስቡንም ጅማቱንም ክር በክር ለቅሞ አወጣልኝ። እኔም ቤት ወስጄ ደሙ ጠርቶ እስኪያልቅ ሦስት ውኃ አጠብኩት። በቢላዋ ከተፍኩት፤ እንደ ሊጥ አሸሁት። መጥበሻው ላይ ሳደርገው መዳፍ ያህል ነበር፤ ሳወጣው የመዳፍ ሲሶ ሆኗል። ድንጋይ እንዳልል ድንጋይ ይሰበራል። የራሴን ድርሻ በሦስት ብርጭቆ ውኃ አወረድኩት።

አሰገደች «ጥሩ ነው» አለች። ዳር ዳሩን ቀመሰችና የቀረውን ቀስ ብዬ እበላዋለሁ አለችኝ። ደብተር ላርም ወጥቼ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ይህ መልካም ምልክት ነው። በልታዋለች ማለት ከተሻሻለ የበለጠ ትበላለች።

ጥር 22፣ ሰኞ

መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። «ማጀት የገባ ወንድ» የሚለውን ግን ደጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ይበሉ። እነሱ ሚስታቸው ትበላላቸዋለች።

ጥር 24፣ ረቡዕ

ጾም ነው፤ መጥበሻው አርፏል።

አጥር ሥር ቃሪያ ስቆርጥ ሙሉካ ለባሏ ስታወራ ሰማኋት። ሴትዮዋ ሥጋ ጠልታ አይደለም፣ ፈርታ ነው አለችው። ሃምበርገር ምኑ ያስፈራል? ሙሉካ ደግ ሴት ናት፤ ግን ሁሉን አውቃለሁ ማለት ትወዳለች።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው። ጥሬ ሽንኩርት፣ በርበሬና እንቁላል ጨመርኩበት። መጥበሻው ላይ ተበታትኖ ጥብስ ሆነ። በዳቦ ጠቅልዬ አቀረብኩት። አሰገደች አሁንም «ጥሩ ነው» አለች፣ አሁንም ቀስ ብዬ አለች፣ አሁንም ሳህኑ ባዶ ሆነ። ፊቷ ላይ ግን ሥጋ አልጨመረም። የአንገቷ አጥንት ይታያል። ሐኪም ቤት የመዘኗት ጊዜ ቁጥሩን ለእኔ አላሳየችኝም።

ጥር 30፣ ማክሰኞ

ጓዳውን ሳጸዳ ባዶ ጆንያ አገኘሁ። ባለፈው ዓመት ለገንፎ የገዛሁት ገብስ ነበረበት። የአራስ ቤት ገንፎ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲበላ ገብስ እንዳያጥር ብዬ፣ ወሯ ሳይደርስ ከደስታ ብዛት ቸኩዬ የገዛሁት ነው። ሐምሌ ላይ አሰገደች ለሙሉካ ዶሮዎች ሰጠችው። ነቅዞ ነበር መሰለኝ።

ገብሱን የገዛሁ ጊዜ ያላማራት ነገር አልነበረም። የሐዋሳ ዓሣ አማረኝ አለች፣ በአውቶቡስ ሄጄ አመጣሁ። የይርጋጨፌ ማር አለች፣ እሱንም። ትርንጎ ፍለጋ ወንዶ ድረስ ወርጃለሁ። ከአፏ የወጣ ነገር አንድም አልጎደለባትም።

አሁን ስለዚያ መጻፍ ምን ይረባል። ነገ የፈተና ወረቀት አዘጋጃለሁ።

የካቲት 2፣ ሐሙስ

ሦስተኛው። ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ። እውነት ለመናገር ይህኛው ጣፈጠኝ። ግን ሃምበርገር አይደለም፤ ዳቦ የለበሰ ክትፎ ነው። ቅቤውም መጥበሻው ላይ ቀርቶ ሥጋው ያው ደረቅ ነው። አሰገደች ሽታው ጥሩ ነው አለች።

ማታ ጴጥሮስ አጥር ተደግፎ ስለ ቡናው ሲያጫውተኝ ቆየና ውሻው ሰሞኑን መወፈሩን ነገረኝ። እሱ ቤት ሥጋ የለም፤ ምን እየበላ እንደሆነ አልገባውም። አይጥ ይሆናል አልኩት።

የካቲት 5፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከፈለኝ ዛሬ ማታ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ አገሩ ይሄዳል፤ እስከ ፋሲካ ዲላ ላይ የክርስቲያን ሥጋ ቤት የለም። የመጨረሻው ዕድሌ ስለሆነ ሚስተር ዳንን ቤት ጠራሁት። እየበላ ይፍረድ አልኩ።

አንድ ጊዜ ነከሰና አኘከ፣ አኘከ፣ አኘከ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዋጠው። ከዚያ «ስቡ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት ተለቅሞ እንደወጣ በኩራት ነገርኩት። ስንት ውኃ እንዳጠብኩትም ነገርኩት። ራሱን ያዘ። እናቱ ሲጠብሱ ስቡ እየተንጠባጠበ እሳቱን ያስነሣዋል፤ ልጆቹ ያን ለማየት ይሰበሰቡ ነበር። ሃምበርገር ያለ ስቡ ሃምበርገር አይደለም፣ ሲነኩትም እጅ ማብዛት አያስፈልግም አለ። እኔ ደግሞ ማሸት አልበቃ ብሎኝ ልቀጠቅጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ክትፎ የሚያውቅ አገር ላይ የተፈጨ ሥጋ ውስጥ ስብ መተው ነውር ነውና ማንም አልነገረኝም። አሁን ብነቃ ምን ዋጋ አለው፣ ከፈለኝ ዘግቷል።

እንግዳዬን ሸኝቼ በጓሮ በኩል ስመለስ አሰገደችን አጥሩ ሥር አየኋት። ሳህኗን ይዛለች። የጴጥሮስ ውሻ በቀዳዳው አፍንጫውን አሾልኮ ቆሟል። ሃምበርገሬን ቆርሳ ቆርሳ ስታጎርሰው፣ እሱም ጭራውን ሲቆላ አየሁ። አላየችኝም። ተመልሼ በፊት በር ገባሁ።

በጣም ከፋኝ። ለሥጋው አይደለም። ስንት ሳምንት ሙሉ ምንም አልበላችም ማለት ነው።

የካቲት 6፣ ሰኞ

ምንም አልጠየቅኳትም። ሽሮ በላን፤ እኔ በላሁ።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ስድስተኛው ወር እየመጣ ነው። ተማሪዎቹን ያለ ምክንያት ተቆጣሁ።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ መጥበሻውን ለሚስተር ዳን ልመልስ ጋዜጣ ስጠቀልልበት አሰገደች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ውሻውን ሳበላ አይተኸኛል አይደል አለችኝ። አይቻለሁ አልኳት።

ከዚያ ነገረችኝ። ሃምበርገር አምሯት አያውቅም። ዲላ ውስጥ ሊገኝ የማይችል ነገር ብትጠራ ሰው ሁሉ ዝም ይላታል ብላ ነው። እኔ መጥበሻ ተውሼ ማጀት እገባለሁ ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ከገባሁ በኋላ ደግሞ ውሸት ነበር ማለት አሳፈራት።

«ታዲያ እውነት ያማረሽን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ጋዜጣውን ከእጄ ወሰደች። እያጣጠፈችው እንዲህ አለች፦ «ባለፈው ያማረኝን ሁሉ አመጣህልኝ። ሁሉንም በላሁ። ምን ተረፈኝ? አሁን አማረኝ ማለት ልጅ አለኝ ማለት ነው። እሱን ለማለት ፈራሁ፣ ሠረቀ።»

ሙሉካ ሁሉን አውቃለሁ ትላለች ብያለሁ። ለካ ታውቃለች።

እኔም ፈርቻለሁ አልኳት። ይህን ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት ዛሬ ነው። ሐምሌ ላይ በስድስተኛ ወሩ ስለጠፋብን ልጅ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላወራንም። ወንድ ነበር። ጴጥሮስና እኔ ቀበርነው፤ እሷ መቃብሩን አላየችም። ቤት ስመለስ የትምህርት ቤት ጣሪያ ስለማደስ አወራኋት፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬ ስለ ልጁ አወራን። ሁለታችንም አለቀስን።

መጨረሻ ላይ ፈርተህ ከነበረ ሃምበርገሩን ለምን ሠራህ ብላ ጠየቀችኝ። እጄን የማደርግበት አጥቼ ነው አልኳት። ያን ሁሉ ሥጋ ውሻው ወዶት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የመጀመሪያውን እሱም አልቻለውም አለች፣ ወስዶ ቀበረው። እንዲህ ስንስቅ ጎረቤት ሳይሰማን አልቀረም።

መጥበሻውን ሳልመልሰው ቀረሁ።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

በሶ ጠጣች። ሽሮም ከጉርሻ አልፋ በላች። «ምን አማረሽ» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼዋለሁ። ሙሉካም መጠየቋን ትታ ዝም ብላ አጠገቧ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

ስድስተኛው ወር ገባ።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ባለፈው ያ ነገር የደረሰባት ጊዜ አለፈ። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማንም አላነሣውም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ በየምክንያቱ ቤት እየተመላለስኩ አየኋት። በመጨረሻ ወደ ክፍልህ ሂድ ብላ ተቆጣችኝ።

የካቲት 24፣ ዓርብ

ጉድ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጫማዬን ሳስር አሰገደች በሩ ላይ ቆማ «ሃምበርገር አማረኝ» አለች። ቀና ብዬ አየኋት። «አሁን እውነቴን ነው። ያ ሚስተር ዳን የነገረህ፣ ስቡ የሚንጠባጠበው። ሌሊቱን ሙሉ ሲሸተኝ አደረ።»

ዐቢይ ጾም። በዚያ ላይ ዓርብ። ከፈለኝ አገሩ ነው። ይህች ሴት ከጥር ጀምሮ ሥጋ የሚበላበትን ቀን ሁሉ ለውሻ ሰጥታ ዛሬ አማራት።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደዮሐንስ ዘንድ ሮጥኩ። ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱ። ሰውነቷ ተጎድቷል፣ ትብላ አሉ፤ ዛሬ ግን ዓርቡን ታሳልፍ፣ ነገ ይሁን። ሆዷ ያለው ልጅ ገና ጾም አልተማረም አሉ። እግራቸውን ስሜ ስወጣ መልሰው ጠሩኝ። «አንተ ግን ጣትህን እንኳ ብትልስ አውቅብሃለሁ።»

ከዚያ ሥጋ። በዲላ ዛሬ ሥጋ የሰቀለው ሸምሰዲን ብቻ ነው። ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላምም የእኛን፤ እየተፋቀርንም እንዲሁ ነው የምንኖረው። እኔ ግን ዛሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ገንዘቡንም በእጄ ይዤ ነበር። ሸምሰዲን ልጁን አምና እኔ ዘንድ ያስተማረ ሰው ነው፤ ፊቴን አይቶ ምን እንደገጠመኝ ጠየቀኝና ነገርኩት። እኔ እሸጥልሃለሁ፣ ግን ሚስትህ ከየት እንደመጣ ካወቀች አይዋጥላትም፣ ድካምህ ከንቱ ይሆናል አለኝ። ጎረቤትህ ጴጥሮስ የሚሲዮን ሰው አይደለም ወይ፣ እነሱ አይጾሙም፣ በግም አለው አለኝ።

በጉ በየቀኑ አጥሬ ላይ ይታከካል። አላሰብኩትም ነበር።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ

እጄ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ደብተሩም ወዝ ነክቶታል።

ጴጥሮስን ትናንት ማታ ስለምነው ነገሩን አላስጨረሰኝም። «መምህር፣ አሰገደች ከበላ በጉ ምንድን ነው? እኔ ለፋሲካ ሌላ ይገዛል» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጣ። ደግሞ የማሰላስለውን ያወቀብኝ ይመስል፣ የማን እጅ አረደው ብላችሁ እንዳትጠራጠሩ ቢላዋውን አንተ ያዝ አለኝ። በዕድሜዬ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። እሱ በጉን ጠምዝዞ ያዘልኝ፣ እኔም ፊቴን አዙሬ በሥላሴ ስም ብዬ አረድኩ። በጾም በግ የሚያርድ መምህር ሰው እንዳያይ ብለን ሥራውን ሁሉ እነሱ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል አደረግነው። ሰው ግን አየ። የዲላ ሰው የማያየው ነገር የለም።

ሥጋውን አላጠብኩትም። እጄ ወደ ውኃው ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ጭኑን በቢላዋ ከተፍኩ፤ ላቱን ደግሞ ለብቻ አድቅቄ ለሦስት እጅ ሥጋ አንድ እጅ ላት ቀላቀልኩ። ሳደርገው ልቤ እሺ አላለኝም፤ ከፈለኝ ቢያየኝ ከዚያ ወዲያ ሥጋ አይሸጥልኝም። ሽንኩርቱን አስቀድሜ አቁላልቼ አቀዘቀዝኩት። አላሸሁትም፣ እንዲያው ሰብሰብ አድርጌ ጠፍጠፍ አደረግኩት። ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ መጨረሻ ላይ ከላይ ነሰነስኩ። መጥበሻው በደንብ ግሎ ጠበቀኝ፤ ሥጋው ሲያርፍበት ጮኸ። ላቱ ቀለጠና ዳር ዳሩን ይንተከተክ ጀመር። አንዱ ጠብታ ዘሎ እሳቱ ላይ ወደቀና ነበልባሉ ተነሣ። የሙሉካ ልጆች «ኧረ» ብለው ወደኋላ ሸሹ፣ ተመልሰውም ከበቡኝ። ሚስተር ዳን የነገረኝ ይኸው ነበር።

ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ሙሉካ ትኩስ ዋሳ አመጣች፤ እኛ ቆጮ የምንለው ነው። ስስ አድርጋ ቆርጣ በዚያው በቀለጠው ስብ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ጠበሰችውና ሥጋውን መሀሉ አስገባን።

ሽታው ምን ብዬ ልጻፈው? ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ በሽሮ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምራቄን እየዋጥኩ፣ አባ ወልደዮሐንስን በዓይኔ እያየሁ ተሸክሜው ገባሁ። ያን ሁሉ ሃምበርገር ስሠራ እየቀመስኩ ሠራሁ፣ እሷ አልበላችም። የዛሬውን ሳልቀምስ ሠራሁ። ጨው ይነሰው፣ ይብዛበት፣ አላውቅም። ያለኝ የእሷ ፊት ብቻ ነው።

አሰገደች በሁለት እጇ ያዘችውና ነከሰች። ወዙ በእጅ አንጓዋ ወረደ። ዓይኗን ጨፈነች። «ጥሩ ነው» አላለችም። ሁለተኛ ነከሰች፣ ሦስተኛ። ሙሉካ ማልቀስ ስትጀምር ጴጥሮስ ክንዷን ያዝ አደረጋት። የእነሱ ውሻ አጥሩ ቀዳዳ ላይ አፍንጫውን አሾልኮ ጠበቀ፤ ዛሬ ግን ምንም አልደረሰውም። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን አነሣች። ሁለተኛውን ስታጋምስ ቀና አለች።

«እህል በረንዳው እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

እስከ ማታ ክፍት ነው አልኳት፤ ምን እንደፈለገች ጠየቅኳት።

«ገብስ ግዛ» አለች፣ ጣቷን እየላሰች። «የገንፎ። ኋላ ይወደዳል።»

ጓዳ ገብቼ ባዶውን ጆንያ አወጣሁና አራገፍኩት። መንገዱ ላይ አንድ ሦስት ሰው በጾም በግ አረድክ አሉ ብሎ አስቆመኝ። አዎ ብዬ አለፍኩ። ጨው በዝቶበት እንደሆነ ሳልጠይቃት መውጣቴ ትዝ ያለኝ እህል በረንዳው ደርሼ ገብሱ ሲሰፈርልኝ ነው።